ሃይማኖትና የሀገር ፍቅር በቂርቆስና በካዛንቺስ ስም ሲመረመር

ሃይማኖትና የሀገር ፍቅር በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እጅግ ተቀራርበው የኖሩ በመሆናቸው፥ አንዱን ከሌላው ለይቶ መመልከት ለብዙ ሰው አስቸጋሪ ነው። በ1888 ዓ.ም. አባቶቻችን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ተጉዟል፤ የክተት ዐዋጁም ሀገርንና ሃይማኖትን በአንድነት እየጠራ ሕዝቡን አስነሥቷል። ድሉም ከተገኘ በኋላ ምስጋናው የተሰጠው ለሠራዊቱ ብርታትና ለእግዚአብሔር ረዳትነት በአንድነት ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ ሕዝብን የሚያኮራ ስለሆነ ደጋግመን እንናገረዋለን። ነገር ግን የሚያኮራ ታሪክ ሁሉ ጥያቄን የሚያስቀር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለሀገር የምትቆመው እስከ ምን ድረስ ነው? ለሀገር መቆም ማለትስ በዙፋን ላይ ላለው ሁሉ መቆም ማለት ነውን?

በቂርቆስና በካዛንቺስ አካባቢ የምንኖርና የምንሠራ፥ ከመንግሥት ሠራተኞችና ከመምህራን የተውጣጣን ጥቂት ሰዎች፥ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር እየተሰበሰብን ይህን ጉዳይ ስናጠና አሳባችን በሁለት ተከፈለ። ከመካከላችን ግማሾቹ፥ ሃይማኖት የሀገር ምሰሶ ስለሆነ ምሰሶውን ከቤቱ መለየት ቤቱን ማፍረስ ነው አሉ። ግማሾቹ ደግሞ፥ ሃይማኖት ወደ ሀገር ጉዳይ በገባ ቁጥር የገዥዎች መሣሪያ ሆኖ ስለሚቀር በየፊናው ቢሄድ ይሻላል አሉ። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አላጣም። ስለዚህ ክርክሩን በአሳብ ብቻ ከመቀጠል ይልቅ ወደ ታሪኩ ተመልሰን፥ የተፈጸመውን ነገር በየዘመኑ መመርመር የተሻለ ሆኖ አገኘነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው የዚያን ምርመራ ፍሬ ነው።

መነሻችንም በየቀኑ የምንጠራቸው የሁለቱ ሰፈሮች ስም ነው። ቂርቆስ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ከሚገኘው የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ ዛሬ ካዛንቺስንም የሚያጠቃልለው ክፍለ ከተማ በዚሁ ስም ይጠራል። የሕፃኑን ቂርቆስና የእናቱን የቅድስት ኢየሉጣን ገድል የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። እናትና ልጅ በክርስቲያኖች ላይ ስደት በታወጀበት ዘመን አገራቸውን ጥለው ቢሸሹም፥ በደረሱበት አገር መኰንን እጅ ወደቁ። መኰንኑ ለጣዖት እንዲሰግዱ አዘዛቸው፤ የሦስት ዓመቱ ሕፃን ግን እምቢ አለ። በፈላው ጋን ፊት እናቲቱ በፈራች ጊዜም ያጽናናትና ያበረታታት ልጅዋ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጥር 15 ቀን ዕረፍቱን፥ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ከፈላው ጋን ያዳነበትን ታስባለች። እንግዲህ የዚህ ሰፈር ጠባቂ ሆኖ የሚጠራው ቅዱስ፥ ሠራዊት ያልነበረው፥ ሹመትም ያልነበረው፥ በሹም ፊት ቆሞ እውነቱን የተናገረ ሕፃን ነው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከሌላ ዓለም ነው። ቃሉ ኢጣልያንኛ ነው፤ ካዛ ማለት ቤት ሲሆን፥ ኢንቺስ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት እንዲሠራ የተቋቋመው የኢጣልያ ብሔራዊ ድርጅት በአጭር ፊደላት የሚጠራበት ስም ነው። ፋሽስቶች አዲስ አበባን ከያዙበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በኋላ፥ ነጮችና ኢትዮጵያውያን ተለያይተው የሚኖሩባትን ከተማ ለመሥራት ዐቀዱ። የሀገሩ ተወላጅ ገበያም ሰፈርም ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ፥ ለኢጣልያ ሹማምንትና ጸሓፊዎች የሚሆኑ ቤቶች በዚህ በኩል ተሠሩ። ስለዚህ ካዛንቺስ በመጀመሪያ ትርጉሙ የወራሪው መንግሥት ሠራተኛ በሰላም አድሮ ማለዳ ወደ ቢሮው የሚሄድበት ሰፈር ማለት ነበር። ቂርቆስ በሹም ፊት እምቢ ያለውን ሲያስታውሰን፥ ካዛንቺስ ሹሙንና የሹሙን ጸሓፊ ያስታውሰናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወሰናችንን ጥሳ ስትገባ፥ ወራሪዋም ተወራሪዋም በክርስትና ስም የሚጠሩ ሀገሮች ነበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ ገና ጦርነቱ ሳይጀመር፥ ለመስፋፋት ብቻ የሚደረግ ጦርነት ፍትሕ የሌለው መሆኑን ተናግረው ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በኢጣልያ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. በታላቁ ካቴድራላቸው ባሰሙት ስብከት ዘመቻውን እንደ ቅዱስ ሥራ አድርገው አወደሱት። በታኅሣሥ ወርም ባለትዳሮች የወርቅ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲያበረክቱ በተጠየቀበት ጊዜ፥ አንዳንድ ጳጳሳት ሳይቀሩ ወርቃቸውን ሰጡ። የዕለቱም ስም በኢጣልያንኛ ቀለበትንም እምነትንም በሚያመለክት አንድ ቃል ተሰየመ። እምነት የሚለው ቃል ወርቅ ማሰባሰቢያ፥ ወርቁም የመርዝ ጋዝ ለሚረጭ ጦር ስንቅ ሆነ።

ይህ በኢጣልያ ብቻ የደረሰ አይደለም። በጀርመን አገርም የናዚ መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን የዘርና የመንግሥት አገልጋይ ሊያደርጋት በተነሣ ጊዜ፥ ብዙዎች በደስታ ተከተሉት። በግንቦት ወር 1926 ዓ.ም. በባርመን ከተማ የተሰበሰቡት ግን ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ ሌላ ጌታ እንደሌላት በጽሑፍ አስታወቁ። ከዚሁ ወገን የነበረው ዲትሪክ ቦንሆፈር ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። እነዚህ ሰዎች ሀገራቸውን የጠሉ አልነበሩም፤ ሀገራቸውን ወደ ገደል የሚነዳትን ለማወደስ እምቢ ያሉ ነበሩ እንጂ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፥ ፈተናው በጳጳሳቱ ላይ የወደቀው ወዲያውኑ ነው። በ1921 ዓ.ም. በእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ የተሾሙት የመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ከነዚህም አቡነ ጴጥሮስ፥ አርበኞች በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለማስለቀቅ በተነሡ ጊዜ አብረው ወደ ከተማይቱ መጡ። ጥቃቱ ሳይሳካ ሲቀር በጠላት እጅ ወደቁ። ለኢጣልያ መንግሥት እንዲገዙና ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲያስተምሩ ቢጠየቁ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን በሕዝብ ፊት በጥይት ተደበደቡ። ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱም ለጠላት እንዳትገዛ ገዝተዋል ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ።

በዚሁ ዓመት የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ የፈሰሰው ደም የታወቀ ነው። ከሦስት ወር በኋላም በግንቦት ወር፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፥ የጄኔራል ማሌቲ ጦር የደብረ ሊባኖስን ገዳም ከበበ። ገዳሙ ቦምቡን የጣሉትን ሰዎች አስጠግቷል የሚል ክስ ተነሥቶበት ነበር። ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም የተገደሉት 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መሆናቸው ተገለጸ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም 129 ዲያቆናት ተጨምረው ድምሩ 449 ሆነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የተደረገ ጥናት ግን የሞቱት ከ1,423 እስከ 2,033 ሊደርሱ እንደሚችሉ አሳይቷል። በዚህ ነገር ላይ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሆን ልዩ ትምህርት አለ። መነኮሳቱን የተኮሰባቸው ወታደር ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙን የጻፈ፥ መኪናውን የመደበ፥ የሞተውን ቆጥሮ ድምሩን በቴሌግራም ያስተላለፈ ጸሓፊም ነበረ። ይህም ጸሓፊ የራሱን ሀገር እንደሚያገለግል ያምን ነበር።

እዚህ ላይ ከደረስን በኋላ ሌላውን መንገድ ማለፍ ለታሪክ ታማኝ አለመሆን ነው። ሁሉም አባቶች የአቡነ ጴጥሮስን መንገድ አልተከተሉም። ግብጻዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተጉዘው ከዚያ ወደ ግብጽ ተመለሱ። ኢጣልያኖችም የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ለይተው፥ በ1930 ዓ.ም. አቡነ አብርሃምን ሊቀ ጳጳስ አደረጓቸው። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም ይህን በውግዘት መለሰችው። ነገሩን ጠለቅ ብለን ብንመለከተው የሚያስደንቅ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በራስዋ ልጆች እንድትመራ የኢትዮጵያ ሕዝብ ለብዙ ዘመን የተመኘው ነገር ነው። ወራሪው ይህንኑ ምኞት በእጁ ይዞ መጣ፤ ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስም ሰጠ። ከውጭ ሲታይ ብሔራዊ ስሜትን የሚያረካ ስጦታ ነበር። ስጦታው የተሰጠው ግን ሕዝቡ እንዲገዛ ነው።

አቡነ አብርሃምን ለመኰነን ይህን አላነሣንም። በጭንቅ ዘመን ሕዝብ እንዳያልቅ ማሰብና ለራስ ማሰብ በሰው ልብ ውስጥ ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ፤ ያን ለይቶ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ያነሣነው፥ ሹመቱም ሹሙም ኢትዮጵያዊ ቢሆን እንኳ ነጻነት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ከነጻነት በኋላ ይኸው ጉዳይ በድርድር ተይዞ በሐምሌ 1940 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ወራሪው በአንድ ቀን ትእዛዝ የሰጠውን፥ ነጻ ሀገር ግን እናት ቤተ ክርስቲያንዋን ሳትንቅ ለብዙ ዓመታት በቈየ ትዕግሥት አገኘችው።

እስከ አሁን የተናገርነው ቤተ ክርስቲያን ለውጭ ወራሪ ስትፈተን ነው። ሁለተኛው ፈተና ከዚህ የረቀቀ ነው፤ እርሱም ሀገርና አንድ ሃይማኖት ፍጹም አንድ ናቸው ሲባል የሚመጣው ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖትን አንድነት ለሀገር አንድነት መሠረት አድርገው ወሰኑ። የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲቀበሉ ተገደዱ። ከባላባቶቹ መካከል መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ይገኙባቸዋል፤ ሼህ ጠልሃን የመሰሉት ግን ለመቃወም ተነሡ። ንጉሡ ሀገራቸውን የወደዱ፥ ለሀገራቸውም በመተማ የሞቱ መሆናቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን በግድ የተሰጠ ጥምቀት ለሃይማኖቱም ለሀገሩም ቍስል ትቶ አለፈ። ኢጣልያኖች በአምስቱ ዓመት ሕዝባችንን በሃይማኖት ለመከፋፈል ሲነሡ፥ መስጊድ እየሠሩ ራሳቸውን የእስልምና ወዳጅ አድርገው ያቀረቡት ይህን የቈየ ቍስል ስላወቁ ነው። እንዲህም ሆኖ ከክርስቲያን ወንድሞቻቸው ጋር ዱር ቤቴ ብለው የተዋጉ ሙስሊም አርበኞች ጥቂት አልነበሩም።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርግ፥ በ40ኛው አንቀጽ ደግሞ ሰው ሁሉ በሃይማኖቱ ሥርዐት እንዲኖር ፈቅዷል። ሀገር የጋራ ነው፥ ሃይማኖት የግል ነው የሚለውም አባባል በዚያ ዘመን በየአደባባዩ ይነገር ነበር። ሆኖም አባባሉና ኑሮው አልተገጣጠሙም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መቶ ሺህ ያህል ሰው፥ ከሙስሊሞች ጋር ክርስቲያኖችም ጭምር፥ ስለ ሃይማኖት እኩልነት ሰልፍ ወጣ። ከጥያቄዎቹም አንዱ የአንድ ቃል ጉዳይ ነበር፤ ‹በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች› መባላችን ቀርቶ ‹የኢትዮጵያ ሙስሊሞች› እንባል የሚል። በጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ትንሽ መስላ የምትታየው ይህች የቃል ልዩነት፥ የገዛ ሀገሩን ልጅ እንግዳ ያደረገች ነበረች። ከዚህ ስንነሣ፥ ሀገር በአንድ ሃይማኖት ስትመሰል የሚጐዳው ከዚያ ሃይማኖት ውጭ ያለው ብቻ አይደለም እንላለን። ቤተ ክርስቲያኒቱም ለቤተ መንግሥት በቀረበች መጠን፥ ሕዝብ በመንግሥት ላይ ያለው ቂም ሁሉ በርስዋ ላይ የሚወርድ ይሆናል።

ይህም ብዙ አልቈየም፤ ሦስተኛው ፈተና ከአብዮቱ ጋር መጣ። ደርግ ኢትዮጵያ ትቅደም ሲል የተነሣበት ቃል የሀገር ፍቅር ቃል ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን መሬትዋን አጣች። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሦስት ኤጲስ ቆጶሳትን በመሾማቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በኩል ደግሞ ዋና ጸሓፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። እኚህ ሰው በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ አጋሮችዋ በላከችው ደብዳቤ፥ ለሰው ነፍስና ለሰው ኑሮ በእኩል ማሰብ እንደሚገባ ካሳሰቡት አንዱ ናቸው። የድኻውን መብት ስለሚወዱ በአብዮቱ መጀመሪያ ተስፋ ነበራቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው የመንግሥቱ ፖለቲካ መሣሪያ እንድትሆን ግን አልፈቀዱም። ከአገር ለመውጣት መንገድ ሲከፈትላቸውም መንጋቸውን ትተው መሄድን እምቢ አሉ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ከካዛንቺስ አጠገብ ባለው በዑራኤል ሰፈር በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት የነበራቸውን አገልግሎት ፈጽመው ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶለሳም ኋላ ለብዙ ዓመታት ታሰሩ። አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው በ1971 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ተገደሉ። የሁለቱም አፅም በ1984 ዓ.ም. ከተጣለበት ወጥቶ በክብር ዐረፈ፤ የፓትርያርኩ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱ የጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን አባት፥ ሁለተኛው በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። በሕይወት ሳሉ በሃይማኖት ትምህርት ይለያዩ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ገዥ በአንድ ክረምት፥ በአንድ ምክንያት ገደላቸው። የሀገር ፍቅር የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ የተያዘው በገዳዮቹ እጅ ነበር፤ ሀገራቸውን በእርግጥ የወደዱት ግን ሟቾቹ ነበሩ።

እንግዲህ በጥናታችን መጀመሪያ ለሁለት ወደ ተከፈለው አሳባችን እንመለስ። ሃይማኖት የሀገር ምሰሶ ነው ያሉት ወንድሞች፥ በአቡነ ጴጥሮስ ልክ ናቸው፤ በቦሩ ሜዳ ግን ልክ አይደሉም። ሃይማኖት ከሀገር ጉዳይ ይራቅ ያሉትም፥ በካርዲናል ሹስተር ስብከት ልክ ናቸው፤ በቄስ ጉዲና ሞት ግን ልክ አይደሉም። ይህም የሚያሳየን መለኪያው የቅርበትና የርቀት ነገር አለመሆኑን ነው። መለኪያው ቤተ ክርስቲያን የቀረበችው ለማን ነው የሚለው ነው። ለሕዝቡ ስትቀርብ ገዥው የውጭ ሰው ቢሆን እንደ አቡነ ጴጥሮስ ትቃወመዋለች፤ የሀገር ልጅ ቢሆንም እንደ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ ፈቃዱ ሥራዋን ትሠራለች። ለወንበሩ ስትቀርብ ግን በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ትባርካለች፤ ዛሬ ለንጉሥ፥ ነገ ለወራሪ፥ ከነገ ወዲያም ሃይማኖት ለማያውቅ ሹም።

ከዚህም የሚከተል ሁለተኛ ነገር አለ። እውነተኛ የሀገር ፍቅር በጎረቤት ይታወቃል። ክርስቲያን የሆነ ሰው ሀገሬን እወዳለሁ ሲል፥ በሀገሩ ውስጥ ያለውን ሙስሊም፥ እምነቱ ከእርሱ የተለየውን ክርስቲያን፥ ቋንቋው ሌላ የሆነውን ወንድሙን እንደ ባለ ሀገር ካልቈጠረ፥ የወደደው ሀገሩን ሳይሆን የራሱን ጥላ ነው። የ1966ቱ ሰልፈኞች የጠየቁት አንድ ቃል ለመንግሥት ሠራተኛም ለመምህርም ዘወትር ፈተና ነው፤ በምንጽፈው ደብዳቤና በምናስተምረው ትምህርት ሰውን ‹የሚኖር› እናደርገዋለን ወይስ ‹የሀገር› እናደርገዋለን?

የኢጣልያኖቹ ቤቶች ከነጻነት በኋላ ለሀገር ልጆች ሆኑ፤ ካዛንቺስም ከከተማይቱ ሕያው ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙው ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር፥ ከአሮጌው ቤት ብዙው ፈረሰ። ስሙ ግን እንዳለ ነው። ስሙን በጠራን ቁጥር፥ ከሰማንያ ዓመት በፊት በዚያ ያደሩትን የመንግሥት ሠራተኞች ብናስታውስ መልካም ነው፤ ሁሉም ክፉዎች ሆነው ሳይሆን፥ ብዙዎቹ የታዘዙትን ሁሉ በንጽሕና መዝግበው ያስተላለፉ ሰዎች ስለሆኑ ነው። በዚያው ክፍለ ከተማ የሚጠራው የሕፃኑ ስም ደግሞ ሌላውን መንገድ ያመለክተናል። በሐምሌ ወር፥ ከቂርቆስ በዓል ከ19ኛው ቀን ጀምሮ፥ ቄስ ጉዲና እስከ ተያዙበት እስከ 21ኛውና አቡነ ጴጥሮስ እስከ ሞቱበት እስከ 22ኛው ቀን፥ አራት ቀን ብቻ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ወጣቶችን የምናስተምር ሁሉ እነዚህን ቀናት አንድ ላይ ብናስብ፥ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሀገር ፍቅር ልንነግራቸው ከምንችለው ሁሉ የሚበልጠውን ይማሩ ነበር።